የሐራራው ሳምንትና ከዚያ ወዲያ

እ.ኤ.አ. በ1962 ነው። ጀርመን ውስጥ፣ በራይን ወንዝ አጠገብ ባለችው ኢንግልሃይም፣ ቦህሪንገር ኢንግልሃይም በተባለው የመድኃኒት ፋብሪካ የምትሠራ አንዲት ጸሐፊ ጉንፋን ይዟት አፍንጫዋ ተደፍኖ ነበር። በዚያው ሰሞን ሄልሙት ሽቴለ የተባለ የፋብሪካው ኬሚስት የተደፈነ አፍንጫ ይከፍታል ተብሎ የታሰበ አዲስ መድኃኒት ቀምሟል። አለቃዋ ሐኪም ነበርና ከፈሳሹ ጥቂት ጠብታ አፍንጫዋ ውስጥ ጨመረላት። ብዙም ሳይቆይ እንቅልፍ ጣላት፤ አንድ ሙሉ ቀን ተኛች። የደም ግፊቷ ወረደ፣ የልብ ምቷ ዘገመ፣ አፏም ደረቀ።

መድኃኒቱ ለአፍንጫ አልሆነም። የሴትዮዋን የደም ግፊት ያወረደበት መንገድ ግን ተመራማሪዎቹን ሳበ፤ በ1966 ክሎኒዲን በሚል ስም የደም ግፊት ክኒን ሆኖ ገበያ ላይ ዋለ። ከሄሮይንና ከሞርፊን ለመላቀቅ የሚታገሉ ሰዎች አንድ ቀን እፎይታ እንደሚያገኙበት በዚያን ጊዜ ያሰበ ሰው አልነበረም።

ይህን ታሪክ የማነሣው ዛሬም ብዙ ቤተሰብ፣ ብዙ የጤና ባለሙያም ጭምር፣ ከኦፒዮይድ ሱስ የሚወጣን ሰው ለመርዳት ያለው ምርጫ ሁለት ብቻ ስለሚመስለው ነው። አንድም ሌላ ኦፒዮይድ መስጠት፣ አንድም በር ዘግቶ ስቃዩን እንዲጨርስ መተው። ሦስተኛ መንገድ አለ፤ ኦፒዮይድ ያልሆኑ፣ ሐራራውን የሚያበርዱ መድኃኒቶች። ምን እንደሚሠሩ ማወቅ ይጠቅማል። ምን እንደማይሠሩ አለማወቅ ደግሞ ሰው ይገድላል።

ኦፒዮይድ የሚባሉት ሞርፊን፣ ሄሮይን፣ ፌንታኒል፣ ኦክሲኮዶን፣ እኛም አገር ስሙ በደንብ የሚታወቀው ትራማዶል ናቸው። ሰውነት ከለመዳቸው በኋላ በድንገት ሲቋረጡ የሚመጣው ሐራራ ከጫትና ከሲጋራው ጋር አይወዳደርም። ሄሮይን የለመደ ሰው ከመጨረሻው መጠን በኋላ ከ8 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይጀምረዋል፤ ከ4 እስከ 10 ቀንም ይቆይበታል። እንደ ሜታዶን ያሉት ከሰውነት ቀስ ብለው የሚወጡት ዘግይተው ይጀምራሉ፤ ሐራራቸው እስከ 20 ቀን ሊዘልቅ ይችላል።

በሱስ ሕክምና ክፍል ውስጥ ሲስተሯ የሐራራውን ክብደት የምትለካው እንዲህ ነው። ታካሚው አንድ ደቂቃ ያህል ጸጥ ብሎ ከተቀመጠ በኋላ የእጁን አንጓ ይዛ የልብ ምቱን ትቆጥራለች። ብርሃን ሳይበዛ የዓይኑ ብሌን ሰፍቶ እንደሆነ ታያለች። እጆቹን ወደ ፊት እንዲዘረጋ ትነግረውና ጣቶቹን ትመለከታለች። ክንዱን በመዳፏ ዳበስ ታደርገዋለች፤ ጸጉሩ ቆሞ እንደሆነ ለማወቅ ነው። ሆዱን ይቆርጠው፣ ያስመልሰው፣ ያስቀምጠው እንደሆነ ትጠይቃለች። አጥንቱን፣ መገጣጠሚያውን፣ ላቡን፣ እንባና ንፍጡን፣ ጭንቀቱን፣ መቁነጥነጡን ሁሉ ትመዘግባለች። ይህን ስታደርግ ስንት ጊዜ እንዳዛጋ ትቆጥራለች፤ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ከሆነ አንድ ነጥብ፣ በየደቂቃው ደጋግሞ ካዛጋ አራት ነጥብ ትሰጣለች። በዌሰንና በሊንግ ስም እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመው ይህ መለኪያ 11 ምልክቶች አሉት። ጣሪያው 48 ነጥብ ነው። ከ5 እስከ 12 ቀላል ይባላል፤ ከ36 በላይ ብርቱ ሐራራ ነው።

ምልክቶቹን ልብ ብሎ ላያቸው ሰው አንድ ነገር ይገለጥለታል። ኦፒዮይድ ሆድ ያደርቃል፤ ሐራራው ተቅማጥ ያመጣል። ኦፒዮይድ የዓይንን ብሌን መርፌ ጫፍ አሳክሎ ያጠበዋል፤ ሐራራው ያሰፋዋል። ኦፒዮይድ ያረጋጋል፤ ሐራራው ያራውጣል። ሰውነት ለወራት ወይም ለዓመታት ሲቋቋመው የኖረው ጫና በአንድ ጊዜ ሲነሣለት፣ ለመቋቋሚያ ያከማቸው ኃይል ሁሉ ባለቤቱ ላይ ይዘምታል።

ለረጅም ዘመን ይህ ስቃይ የሚለካ እንጂ የሚታከም አልነበረም ማለት ይቻላል። በአሜሪካ ኬንታኪ ግዛት፣ ሌክሲንግተን ከተማ አቅራቢያ እ.ኤ.አ. በ1935 የተከፈተው የመንግሥት ተቋም ከፊሉ እስር ቤት፣ ከፊሉ ሆስፒታል ነበር። ክሊፍተን ሂምልስባህ የተባለው ሐኪም የታካሚዎቹን ትኩሳት፣ ትንፋሽ፣ የደም ግፊትና የክብደት መቀነስ እየመዘገበ ሐራራን በቁጥር ማስቀመጥ የጀመረው እዚያ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሜታዶን መጣና ሕመሙን ቀስ በቀስ እየቀነሱ ማስወጣት ተቻለ። ሜታዶን ራሱ ግን ኦፒዮይድ ነው። ኦፒዮይድን ያለ ኦፒዮይድ ማስወጣት ይቻል ይሆን የሚለው ጥያቄ ሳይመለስ ቆየ።

መልሱ የመጣው ከዝንጀሮዎች ነው። በ1970ዎቹ በዬል ዩኒቨርሲቲ ዩጂን ሬድመንድ የተባለ ተመራማሪ በአንጎል ግንድ ላይ ያለችውን፣ ሎከስ ሴሩሊየስ የምትባለውን ሰማያዊ ቀለም ያላት ትንሽ የነርቭ ሴሎች ስብስብ ያጠና ነበር። ሴሎቿ በአስር ሺዎች ቢቆጠሩ ነው፤ ዳሩ ግን አብዛኛው የአንጎል ክፍል ኖርአድሬናሊን የሚያገኘው ከእነሱ ነው። ኖርአድሬናሊን ልብን የሚያስሮጥ፣ ላብ የሚያወርድ፣ ሰውን ከተኛበት የሚያስደነብር ንጥረ ነገር ነው። ሬድመንድ ያችን ቦታ በኤሌክትሪክ ሲነካካት ዝንጀሮዎቹ ይሸበሩ ነበር፤ ሁኔታቸው በሐራራ የተያዘ ሰውን ይመስላል። ክሎኒዲን ሲሰጣቸው ረገቡ።

በዚያው ዩኒቨርሲቲ ጆርጅ አግሃጃኒያን የእያንዳንዱን ሴል እንቅስቃሴ በአይጥ አንጎል ውስጥ እየለካ ነገሩን አጠራው። ሞርፊን እነዚህን ሴሎች ዝም ያሰኛቸዋል። ሲደጋገም ሴሎቹ ይለምዱታል፤ ሞርፊኑ ድንገት ሲነሣ ከመጠን በላይ ይተኩሳሉ። ነገሩ እሳት ላይ እንዳለ ድስት ነው። ሞርፊኑ ክዳኑን ተጭኖ ይዟል፤ ሴሎቹ ጫናውን ለማሸነፍ ከሥር እሳቱን ይጨምራሉ፤ ክዳኑ በድንገት ሲለቀቅ ድስቱ ይገነፍላል። ክሎኒዲን የኦፒዮይድን መቀበያ አይነካም። በእነዚያው ሴሎች ላይ ያለውን አልፋ ሁለት የሚባለውን ሌላ መቀበያ ይይዝና ያንኑ ክዳን ይጫናል፤ እሳቱም በራሱ ጊዜ እስኪቀንስ ድረስ ይቆያል።

እ.ኤ.አ. በ1978 ማርክ ጎልድ፣ ሬድመንድና ኸርበርት ክሌበር ውጤቱን በሰው ላይ ሞክረው ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት አሳተሙ። ታካሚዎቹ 11 ብቻ ነበሩ። ለዓመታት ኦፒዮይድ የለመዱ፣ ሜታዶን ላይ የቆዩ ሰዎች ናቸው። ክሎኒዲን ከተሰጣቸው በኋላ የሐራራው ምልክት ከ4 እስከ 6 ሰዓት ለሚሆን ጊዜ ጠፋላቸው። በየመድኃኒት ቤቱ የሚገኝ የደም ግፊት ክኒን ነው ይህን ያደረገው። ከዚያ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ሐራራ የዚያች ሰማያዊ ነጥብ ሥራ ብቻ እንዳልሆነ አሳይተዋል፤ አንጀት፣ አከርካሪ፣ ሌሎችም የአንጎል ክፍሎች የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። ክሎኒዲን አንዳንዱን ምልክት አጥፍቶ ሌላውን የሚተወውም አንድም በዚህ ምክንያት ነው።

ላቡን፣ ብርድ ብርድ ማለቱን፣ የልብ ምት መፍጠኑን፣ እንባና ንፍጡን ጥሩ አድርጎ ያበርዳል። የአጥንትና የጡንቻ ሕመሙን፣ እንቅልፍ ማጣቱን፣ መቁነጥነጡን ግን ብዙም አይነካም። ዋናውን ነገር፣ «ትንሽ ብቻ ባገኝ» የሚለውን ጉጉት፣ ጭራሽ አያጠፋም። ታካሚው ላቡ ደርቆ፣ እጁ መንቀጥቀጡን ትቶ ሳለ «ምንም አልተሻለኝም» ቢል እየዋሸ አይደለም። ይህን የማያውቅ አስታማሚ ይናደድበታል።

አሰጣጡም ጥንቃቄ ይፈልጋል። የአሜሪካ የሱስ ሕክምና ማኅበር በ2020 ባደሰው መመሪያ መሠረት ክሎኒዲን በየ6 እስከ 8 ሰዓቱ ከ0.1 እስከ 0.3 ሚሊ ግራም ይሰጣል፤ በቀን ከ1.2 ሚሊ ግራም አያልፍም። ከእያንዳንዱ ክኒን በፊት የደም ግፊትና የልብ ምት ይለካል። ግፊቱ ከወረደ ያ ክኒን ይዘለላል፤ ተቅማጥና ማስመለስ ፈሳሹን የጨረሰበት ሰው ብድግ ሲል ሊወድቅ ይችላልና። ለብዙ ቀን ከተወሰደ በኋላ በአንድ ጊዜ ማቆምም አይገባም። ያን ጊዜ ግፊቱ በአንድ ጊዜ ሽቅብ ይወጣል። ጎረቤት ለደም ግፊት የሚወስደውን ክኒን ተውሶ ቤት ውስጥ መሞከር የማይሆነው ለዚህ ነው።

ክሎኒዲን አሜሪካ ውስጥ ለሐራራ ተብሎ ሕጋዊ ፈቃድ አግኝቶ አያውቅም፤ ሐኪሞች በራሳቸው ውሳኔ ነው የሚያዙት። ፈቃዱን ያገኘው ዘመዱ ሎፌክሲዲን ነው። አሠራሩ አንድ ነው፤ የደም ግፊትን የማውረድ ጠባዩ ግን ለዘብ ይላል። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምረው ተጠቅመውበታል። የአሜሪካው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ግን ሉሴሚራ በሚል የንግድ ስም የፈቀደው እ.ኤ.አ. በግንቦት ወር 2018 ነው፤ ከእንግሊዝ 26 ዓመት ዘግይቶ። በአገሪቱ ለኦፒዮይድ ሐራራ የተፈቀደ የመጀመሪያው ኦፒዮይድ ያልሆነ መድኃኒት ሆነ። እስከ 14 ቀን ብቻ ይወሰዳል። የልብን የኤሌክትሪክ ዑደት ሊያዛባ ስለሚችል የልብ ችግር ላለበት ሰው አይመከርም። ዋጋው ከክሎኒዲን የሰማይና የምድር ያህል ይበልጣል።

ለፈቃዱ መሠረት ከሆኑት ሙከራዎች አንዱ ውስጥ፣ ሎፌክሲዲን ከወሰዱት ሕክምናውን የፈጸሙት 40 በመቶ ገደማ ናቸው። ባዶ ክኒን ከተሰጣቸው ደግሞ 28 በመቶ። እውነተኛ ልዩነት ነው፤ የሚያስጨበጭብ ግን አይደለም። መድኃኒቱን ከወሰዱትም ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት መንገድ ላይ ቀርተዋል። ሜታዶን ወይም ቡፕረኖርፊን ባለበት ቦታ የዓለም ጤና ድርጅት የሚያስቀድመው እነሱን ነው፤ ቡፕረኖርፊን ሐራራን በማብረድም፣ ታካሚውን ሕክምና ላይ በማቆየትም ከክሎኒዲን እንደሚበልጥ ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል። ለነፍሰ ጡር ሴትም የሚመከረው ሕክምና ሜታዶን ወይም ቡፕረኖርፊን እንጂ ኦፒዮይዱን አቋርጦ በክሎኒዲን መቻል አይደለም።

ከክሎኒዲንና ከሎፌክሲዲን ጎን ለጎን የሚታዘዙት በየመድኃኒት ቤቱ የሚገኙ ናቸው። ለሆድ ቁርጠት ቡስኮፓን፣ ለሕመሙ ኢቡፕሮፌን ወይም ፓራሲታሞል፣ ለማስመለስ ሜቶክሎፕራማይድ ወይም ኦንዳንሴትሮን፣ ለተቅማጥ ሎፐራማይድ። የተራ መድኃኒት ዝርዝር ይመስላል፤ ሦስት ሌሊት እንቅልፍ በዓይኑ ላልዞረ ሰው ግን እያንዳንዱ ዋጋ አለው። ሎፐራማይድ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። በተፈጥሮው ኦፒዮይድ ነው፤ በተለመደው መጠን ወደ አንጎል ስለማይገባ ነው ሱስ የማያስይዘው። ሐራራቸውን በሱ ለማስታገስ እፍኝ ሙሉ የሚውጡ ሰዎች ስላሉና ልብን ሊያቆም ስለሚችል የአሜሪካው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2016 በይፋ አስጠንቅቋል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ውኃ። «በኦፒዮይድ ሐራራ ማንም አይሞትም» የሚለው አባባል ስሕተት ነው። አሜሪካ ውስጥ እስር ቤት ገብተው ለቀናት ሲያስመልሳቸውና ሲያስቀምጣቸው ሰሚ ያጡ እስረኞች በውኃ እጥረት ሞተዋል። አንድ ከረጢት ግሉኮስ ያድናቸው ነበር።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። ሐራራው በመድኃኒት ታግዞ አለፈ እንበል። ልጁ መብላት ጀመረ፣ ፊቱ ተመለሰ፣ እናቱ እግዚአብሔርን አመሰገነች። የሕይወቱ እጅግ አደገኛው ወቅት የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው። ሰውነቱ ኦፒዮይዱን የመቋቋም አቅሙን በእነዚያ ቀናት ውስጥ አጥቷል፤ ጉጉቱ ግን አልሄደም። ድሮ የሚወስደውን መጠን አንድ ጊዜ ቢወስድ ትንፋሹ ሊቆም ይችላል። ለንደን ውስጥ በጆን ስትራንግ የሚመራ ቡድን ሆስፒታል ተኝተው ከኦፒዮይድ የወጡ 137 ታካሚዎችን ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2003 ውጤቱን አሳትሟል። ከወጡ በኋላ ባሉት አራት ወራት ውስጥ ከመጠን በላይ ወስደው የሞቱት ሦስት ናቸው። ሦስቱም ሕክምናውን አቋርጠው ከሄዱት ወገን አልነበሩም። በሚገባ ከጨረሱት፣ «ተሳክቶላቸዋል» ከተባሉት ናቸው።

ይህን ጥናት ያነበበ ሰው ከሱስ መታጠብን ብቻውን ሕክምና ብሎ ሊጠራው አይችልም። የአሜሪካው መመሪያም በግልጽ ይለዋል፤ ሐራራን ብቻ አብርዶ ሰውን ወደ ቤቱ መስደድ አይመከርም። ክሎኒዲንም ሆነ ሎፌክሲዲን የሚጠቅሙት ወደ ሌላ ነገር ሲያሻግሩ ነው። ይህ ሌላ ነገር ለረጅም ጊዜ የሚወሰድ ቡፕረኖርፊን ወይም ሜታዶን ሊሆን ይችላል፤ ወይም ናልትሬክሶን። ናልትሬክሶን ኦፒዮይድ እንዳይሠራ መቀበያውን የሚዘጋ መድኃኒት ነው፤ በወር አንድ ጊዜ በመርፌ የሚሰጠው ዓይነት አሜሪካ ውስጥ ለዚህ ሱስ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። እሱን ለመጀመር ሰውነት ከ7 እስከ 10 ቀን ከኦፒዮይድ መጽዳት አለበት፤ ቀድሞ ከተሰጠ ራሱ ብርቱ ሐራራ ይቀሰቅሳል። ኦፒዮይድ ያልሆኑት ማብረጃዎች እውነተኛ ቦታቸው እዚህ ላይ ነው፤ እነዚያን ቀናት ማሻገር።

ክፉው የጎዳና ዕፅ ገበያ ደግሞ የክሎኒዲንን የመድኃኒት ዘር ወደ መርዝነት እየለወጠው ነው። በአሜሪካዋ ከተማ በፊላደልፊያ፣ ፌንታኒል ውስጥ መጀመሪያ ዛይላዚን፣ ከ2024 ወዲህ ደግሞ ሜዴቶሚዲን መደባለቅ ጀመረ። ሁለቱም ለእንስሳት ማደንዘዣ የሚያገለግሉ፣ ክሎኒዲን የሚይዘውን ያንኑ አልፋ ሁለት መቀበያ የሚይዙ ናቸው። ሜዴቶሚዲኑን ሳያውቅ የለመደ ሰው ሲቋረጥበት የሚይዘው ሐራራ ከፌንታኒሉ የከፋ ነው። የደም ግፊቱና የልብ ምቱ ይተኮሳሉ፣ ማስመለሱ አይቆምም፤ ብዙዎቹ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገብተዋል። ሐኪሞቹም ክሎኒዲንንና የቅርብ ዘመዱን ዴክስሜዴቶሚዲንን ይዘው ነው የሚዋጉት። በዋሽንግተን፣ በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያ ለሚኖሩ ወገኖቻችን ፊላደልፊያ የጥቂት ሰዓታት መንገድ ናት።

አገር ቤት ያለው ጉዳይ በአብዛኛው ሌላ መልክ አለው። እዚያ ሰውን ቀስ ብሎ የሚይዘው በሐኪም ትእዛዝ ብቻ ሊሸጥ የሚገባው ትራማዶል ነው። ለወገብ ሕመም ተጀምሮ፣ ወይም ጓደኛ ሰጥቶ፣ ድካም ያጠፋል ተብሎ ይቀጥላል። ትራማዶል ከኦፒዮይድነቱ ሌላ በሴሮቶኒንና በኖርአድሬናሊን ላይም ይሠራል። በዚህ የተነሣ በድንገት ሲቆም አንዳንዱን ሰው የሚይዘው ከተለመደው ሐራራ የተለየ ነው፤ ብርቱ ድንጋጤ፣ የሌለ ነገር ማየት፣ እጅና እግርን መውጋትና መደንዘዝ። ክሎኒዲን ይህን አያጠፋውም። ቤተሰብም ልጁ አበደ ወይም ክፉ መንፈስ ያዘው ብሎ ይደነግጣል። ትራማዶልን መጠኑን ቀስ በቀስ እየቀነሱ በሐኪም ክትትል መተው ይቻላል፤ በአንድ ቀን መጣሉ ነው የሚጎዳው።

ጠበል የሚወስዱ ቤተሰቦችን አልነቅፍም። ለብዙ ሰው ያ ቦታ ተስፋ የሚያገኝበት ነው፤ ተስፋ ያጣ ሰው ደግሞ ከሱስ አይወጣም። የምለምነው ሌላ ነገር ነው። ልጃችሁ እየተንቀጠቀጠ፣ እያስመለሰ ሳለ «ይቅመሰው፣ ይማርበት» አትበሉ። ስቃይ ከሱስ አውጥቶ አያውቅም፤ ከፊሉን ሊያበርድ የሚችል የደም ግፊት ክኒን፣ የሆድ ቁርጠት ክኒንና አንድ ከረጢት ፈሳሽ እያለ መከልከል ጭካኔ ነው። አዲስ አበባ ከሆናችሁ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልን የማያውቅ የለም፤ ስሙን ፈርታችሁ ወደኋላ አትበሉ። አሜሪካ ከሆናችሁ ትንፋሽን የሚመልሰው የናሎክሶን የአፍንጫ መርጫ ከ2023 ጀምሮ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ይሸጣል፤ ልጁ «ድኗል» በተባለበት ሳምንት ገዝታችሁ ቤት አስቀምጡ። ሐኪሙ የሐራራውን መድኃኒት ሲጽፍላችሁም «ከዚህ ሳምንት በኋላስ ምን ይወስዳል?» ብላችሁ ጠይቁት። መልስ ከሌለው ሌላ ሐኪም ፈልጉ።